ካውለርፓዬ በአንድ ሌሊት ለምን ነጣ?

በዚህ ርእስ በገንዳ አሳዳጊዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ የውይይት ክሩን የከፈተው በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አባል ነው። ጽሑፉ ረጅም ነው፤ ንዴቱም ገና አልበረደም። ሁለት መቶ ሊትር በሚይዝ የጨው ውሃ ገንዳ ውስጥ የባሕር አልጌ ዋና ጌጥ፣ ዓሣ ደግሞ አጃቢ እንዲሆን አስቦ፣ ላባ መሰል ቅጠል ያለውን፣ ካውለርፓ የተባለውን አረንጓዴ አልጌ ከአንድ ሱቅ ገዝቶ ድንጋይ ላይ አስይዟል። ካውለርፓውም ተሳቢ ግንዱን በአሸዋው ላይ እየዘረጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ገንዳውን ሞላው። አንድ ማለዳ ግን መብራቱ ሲበራ ውሃው ነጭ ሆኖ ደፍርሷል፤ አረንጓዴው ሁሉ ጠፍቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ባዶ ቀፎ ብቻ ቀርቷል፤ ሁለቱ የባንጋይ ካርዲናል ዓሦችም ወደ ውሃው ገጽ ተጠግተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ቀጥሎ የውሃውን ልኬት ዘረዘረ፦ የጨው መጠን 1.025፣ ሙቀት 25 ዲግሪ፣ ናይትሬት 0፣ ፎስፌት 0። ሁለቱን ዜሮዎች የጻፋቸው በኩራት እንደሆነ ያስታውቃል። ውሃው ይህን ያህል ከጠራ ጥፋቱ የሻጩ ነው ብሎ፣ በሽተኛ አልጌ እንደተሸጠለት ደምድሞ፣ የታመነ ሻጭ የሚያውቅ ካለ እንዲጠቁመው ለመነ።

1ኛውን ምላሽ የሰጠችው በሳንዲዬጎ የምትኖር ሴት ናት። የማን ጥፋት ነው ወደሚለው አልገባችም፤ መጀመሪያ ዓሦቹ ይትረፉ አለች። የነጣውን ሁሉ በእጅ ሰብስቦ ማውጣት፣ የአየር ፓምፕ መጨመር፣ አረፋ ሰብሳቢውን (ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣውን መሣሪያ) በሙሉ ኃይሉ ማሠራት፣ አዲስ የከሰል ማጣሪያ ማስገባት፣ ከዚያም ከውሃው ሩቡን ያህል መቀየር። የተለቀቀው ነገር ሲበሰብስ ኦክስጅኑን እንደሚጨርሰው፣ የባሰው አደጋም መብራት ከጠፋ በኋላ ሌሊት ላይ እንደሚመጣ አስጠነቀቀች። በዚህ ክር ውስጥ ጠቃሚውን ነገር በአጭሩ የተናገረ ሰው ቢኖር እሷ ናት።

2ኛው ምላሽ ለቅሶ ማጀብ ብቻ ነው። ጸሐፊው ከሌላ ሱቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በፖስታ እንደደረሱት አስታውሶ ሻጮችን በጅምላ ረገመ።

3ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ ከአዲስ አበባ። መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። እሳቸው እንዳስረዱት ካውለርፓ ያን ሁሉ ቅጠልና ሥር መሰል ክር ይዞ መላ አካሉ አንድ ሕዋስ ነው። በውስጡ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ኒውክለሶች (የሕዋስ አስኳሎች) አሉ፤ አንዱን ክፍል ከሌላው የሚለይ ግድግዳ ግን የለም። መራባት ሲጀምር በውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ፆታ ሕዋስነት ይለውጥና በአንድ ጊዜ ወደ ውሃው ይለቀዋል፤ ለራሱ የሚያስቀረው የለም። ገንዳውን ያነጣው ይኸው ነው። አልጌው አልታመመም፤ ወልዶ ሞቷል። መምህሩ ይህንኑ የሚያጠናክር ጥናትም ጠቀሱ፦ እ.ኤ.አ. በ1997 ኬኔት ክሊፍተን ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጣው፣ በፓናማ የኮራል ሪፎች ላይ አረንጓዴ አልጌዎች ጎሕ ሲቀድ በኅብረት እንደሚለቁ የሚያሳየው ጥናት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ የሌሊቱን ሥራ በማለዳ ደርሶ ማየቱ አያስገርምም።

በ4ኛው ላይ ባለ ጥያቄው ተመልሶ አመሰገነ፤ ግን አልተረታም። ወራት ሙሉ ዝም ብሎ ያደገ ነገር ለምን በዚያ ቀን? አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው።

5ኛው ምላሽ ክሩን የያዘው ምሰሶ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የጻፈው በዱባይ በውሃ ማጣሪያ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ነው፤ ትሕትናው ደረቅ ቢጤ ነው። ሁለቱን ዜሮዎች መልሶ ጻፈና በሽታው ይኸው አለ፤ ናይትሬትና ፎስፌት የአልጌ ምግብ ናቸው። ኮራል የሚያረቡ ሰዎች ፎስፌትን እንደ ጠላት እንዲያዩ ሠልጥነዋል፤ የፎስፌት መጣጭ ይጭናሉ፤ አረፋ ሰብሳቢውን ያበረታሉ፤ ዓሣውን በቁንጥጫ ይመግባሉ። ያንኑ ልማድ አልጌ ወዳለበት ገንዳ ይዘው ሲመጡ የተከሉትን ያስርቡታል። ካውለርፓው ትንሽ ሳለ ከዓሦቹ ጽዳጅ የሚያገኘው ናይትሮጅን በቅቶታል፤ ገንዳውን ከሞላ በኋላ ግን ሁሉን አሟጠጠ፤ ምግብ ሲጠፋበትም ዘሩን በትኖ ሞተ። የመብራት፣ የሙቀት ወይም የጨው መጠን ድንገተኛ ለውጥም ሊያስጀምረው እንደሚችል ጸሐፊው አልካደም፤ እዚህ ላይ ግን ዋናው ተጠርጣሪ ረኀቡ ነው። እንደ እሱ አስተያየት ናይትሬት በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ0.05 እስከ 0.1 ቢሆን ለጌጥ አልጌ ጤናማ ነው። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ1983 አትኪንሰንና ስሚዝ ያወጡትን ስሌት አመጣ፦ ከባሕር ወለል ጋር ተጣብቀው የሚያድጉ ዕፅዋት ለአንድ እጅ ፎስፎረስ 30 እጅ ያህል ናይትሮጅን በአካላቸው ይይዛሉ፤ ተንሳፋፊዎቹ ረቂቃን ግን 16 ያህል ብቻ። በገንዳ ውስጥ ቀድሞ የሚያልቀው ናይትሮጅን የሚሆነው ለዚህ ነው አለ።

እዚህ ላይ የራሴን ላክል፦ ሰው አትክልት ተክሎ አፈሩን አጥቦ ንጹሕ ማድረግን ሙያ አይለውም። በውሃ ጊዜ ግን ጥራትና ጤና አንድ ይመስሉናል። 5ኛውን ምላሽ አንብቦ የራሱን ገንዳ የልኬት ቁጥሮች መልሶ ያላየ አባል ያለ አይመስለኝም።

6ኛው ከእስራኤል፣ ከቤርሼባ ነው፤ ድምፁም ከፍ ያለ። ይህ ሁሉ ትንታኔ አያስፈልግም፣ መብራቱን ሃያ አራት ሰዓት ማብራት ነው፣ ማታ የሌለበት ካውለርፓ አይለቅም አለ። 7ኛው ምላሽ የዱባዩ ሰው ነው፤ ይህ ከሱቅ ሱቅ የሚዞር ወሬ እንደሆነ፣ መብራቱ ሌት ተቀን ሲበራ ሌላው ያልተፈለገ አልጌ መስታወቱን እንደሚወርሰው፣ የተራበ አልጌን በእንቅልፍ እጦት ማከም ደግሞ ሕክምና እንዳልሆነ ጻፈ። የቤርሼባው በ8ኛው ላይ ስድስት ዓመት ያለ ችግር እንዳሳደገ ተናግሮ ወረቀት አንባቢዎችን አላገጠባቸው። በጉዳዩ ላይ ሁለቱም ከራሳቸው ገንዳ ውጭ ማስረጃ አላመጡም፤ ሆኖም የመድረኩ ሰው ግማሽ በግማሽ ተከፈለ።

9ኛው ምላሽ ጠቡን ሳይነካ አለፈ። ከስቶክሆልም የጻፈች አባል ከመልቀቁ በፊት በነበረው ቀን ያየችውን ነው የነገረችው። ቅጠሉን ከመስታወቱ አጠገብ አድርጋ በማጉያ መነጽር ስታየው አረንጓዴው እኩል መሆኑን ትቶ እንደ መረብ ተጠላልፏል፤ በመካከሉ የገረጡ ክፍት ቦታዎች አሉ፤ በጠርዙም ጥቃቅን ጡት መሰል ነገሮች ብቅ ብለዋል። ይህን ያየ ሰው እስከ ማታ ጊዜ አለው፤ ነቅሎ ያውጣ አለች። ሲነቅሉም በመቀስ እየቆራረጡ እንዳይሆን መከረች። አንድ ሕዋስ ስለሆነ በተቆረጠበት ሁሉ ፈሳሹ ይወጣል፤ ይልቅስ ተሳቢ ግንዱን በሁለት ጣት ይዞ፣ ሥር መሰል ክሮቹን ከድንጋዩ በወረንጦ አንድ በአንድ እያላቀቁ ሙሉውን መሳብ ይሻላል። መምህሩ በ10ኛው ላይ ትዝብቷ ከጥናቱ ጋር እንደሚገጥም ገልጸው አመሰገኗት።

የጨዋነቱ ጊዜ እዚህ አበቃ። 11ኛው ላይ የሳንዲዬጎዋ ተመልሳ ማንም ያላነሳውን አነሳች፦ ካውለርፓ መያዝ ራሱ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከእሷ ከተማ በስተሰሜን ባለው ካርልስባድ፣ አጉዋ ሄዲዮንዳ በተባለው የባሕር ዳር ሐይቅ ጠላቂዎች ካውለርፓ ታክሲፎሊያ የተባለውን ወራሪ ዝርያ አገኙ። መንጋውን በፕላስቲክ ሸራ ሸፍነው ከሥሩ ክሎሪን እየለቀቁ፣ ጠፍቷል ተብሎ እስኪታወጅ እስከ 2006 ቆዩ፤ ወጪውም ከሰባት ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ካሊፎርኒያ በ2001 ዘጠኝ ዝርያዎችን ከለከለች፤ በኋላም ክልከላው መላውን ወገን እንዲያጠቃልል ተደረገ። ባለ ጥያቄው የጣለውን የት ጣለው? ብላ ጠየቀች።

12ኛው የባለ ጥያቄው መልስ ነው፤ ባይጽፈው ይሻለው ነበር። የሚኖረው ሜሪላንድ እንጂ ካሊፎርኒያ እንዳልሆነ፣ በአካባቢው ያለው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ክረምትም ከሞቃት ባሕር የመጣን ነገር እንደሚገድል፣ የነጣውንም በመጸዳጃ ቤት እንደለቀቀው ተናገረ። 13ኛው፣ 14ኛውና 15ኛው ተከታትለው ወረዱበት። ከሦስቱ የተሻለው የመምህሩ ነው፤ ተቆጥተው እንኳ ያስተምራሉ። የሜዲትራኒያኑ የታክሲፎሊያ ዝርያ ወደ አሜሪካ እንዳይገባና ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት እንዳይጓጓዝ በፌዴራል ደረጃ ከ1999 ጀምሮ እንደተከለከለ ጻፉ፤ ስለዚህ ሜሪላንድ ነኝ ማለት አያድንም። ቀጥለው ታሪኩን ከሥሩ ተረኩት። በጀርመን፣ በሽቱትጋርት የእንስሳትና የዕፅዋት ማሳያ ያደገው ዘር ወደ ሌሎች ገንዳዎች ተሰራጨ፤ በ1984 በሞናኮ ከውቅያኖስ ሙዚየሙ ሥር ባሕሩ ውስጥ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ሆኖ ታየ፤ በ1989 የኒስ ዩኒቨርሲቲው አሌክሳንደር ሜይኔስ ሲያየው ሄክታር ያህል ሸፍኗል። ሳይንቲስቶችን ያስደነገጠውም ከሞቃት ባሕር ዘመዶቹ ይልቅ ብርድ መቻሉ ነው፤ በክረምት ላይ ያለው ተስፋ በዚህ ወደቀ። የተረፈ ነገር ካለ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ቢያንስ አንድ ቀን በማቀዝቀዣ በረዶ ሆኖ ከዚያ ወደ ደረቅ ቆሻሻ ይጣል፤ ውሃውም በበረኪና ይገደል አሉ።

ፍትሕ ለባለ ጥያቄው፦ የእሱ የትኛው ዝርያ እንደነበረ ገና አልተረጋገጠም። 16ኛው ላይ ፎቶግራፍ ጨመረና የስቶክሆልሟ አየችው። የታክሲፎሊያ ቅጠል ጥርሶች ጠፍጣፋ ናቸው፤ መነሻቸው ላይም ይቀጥናሉ፤ በፎቶው ላይ ያሉት ግን ድቡልቡልና መርፌ መሰል ስለሆኑ ሰርቱላሪዮይደስ የሚባለው ሌላው የካውለርፓ ዝርያ ሳይሆን አይቀርም አለች። ሰውየው ተነፈሰ፤ ይቅርታም ጠየቀ።

17ኛው ላይ የቤርሼባው ሰው ብቅ አለና ነገሩ ሁሉ ተጋንኗል፣ ካውለርፓ ለቀይ ባሕር የቤት ልጅ ነው፣ ከኤላት ዳርቻ ወርዶ በነጻ መልቀም ሲቻል በዶላር መግዛት ሞኝነት ነው አለ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። 18ኛውን የጻፈችው በጅዳ የምትሠራ እኅት እንዳስታወሰችው፣ ስዊድናዊው ፒተር ፎርስኮል በ1760ዎቹ ቀይ ባሕርን ሲያጠና ራሴሞሳና ሰሩላታ የሚባሉትን ካውለርፓዎች መዝግቧል፤ እሱ በ1763 የመን ውስጥ ሞቶ ጽሑፉ የታተመው በ1775 ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ግን አልማረችውም። የኤላት የኮራል ዳርቻ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ ከዚያ ማንሳት ወንጀል ነው። የቤርሼባው በ19ኛው ላይ፣ ያየሁት ከጥብቁ ውጭ ነው ብሎ የቅጠሉን መልክ ሲገልጽ፣ መምህሩ በ20ኛው ላይ ያ ጭራሽ አልጌ እንዳልሆነ፣ ሃሎፊላ ስቲፑላሲያ የተባለ እውነተኛ ሥርና አበባ ያለው የባሕር ሣር እንደሆነ አረሙት። ሣሩም በስዊዝ ካናል በኩል ሜዲትራኒያን ገብቷል። ሰውየው ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ድምፁ ጠፋ።

21ኛው የአዲስ አበባ ወጣት ጥያቄ ነው፤ ከርእሱ ቢርቅም ወድጄዋለሁ። የተዘጋጀው የገንዳ ጨው ከውጭ ሲመጣ ዋጋው አልቀመስ ብሎታል፤ የአፍዴራን ጨው በተጣራ ውሃ አሟሙቶ ባሕር መሥራት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። የዱባዩ ሰው በ22ኛው ላይ እንደ ወንድም መለሰለት። በባሕር ውሃ ውስጥ ካለው ጨው 85 በመቶ ያህሉ የገበታ ጨው ነው፤ አልጌና ኮራል የሚኖሩት ግን በቀሪው ነው፦ በሊትር 1300 ሚሊግራም ያህል ማግኒዥየም፣ ከ400 በላይ ካልሲየም፣ 400 ያህል ፖታስየም። የጨው ኩሬ ሲተን ካልሲየሙ ቀድሞ ከሰልፌት ጋር ይቀመጣል፤ ማግኒዥየሙ ደግሞ የገበታው ጨው ከወጣ በኋላ በመራራው ፈሳሽ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከረጢቱ ውስጥ የሚገባው የሚፈለገው ሁሉ ተጥሎ የተረፈው ነው። መግዛቱ የማይቻል ከሆነ ገንዳውን አነስ አድርጎ መጀመር ይሻላል አለው፤ አርባ ሊትር በቂ ነው። ወጣቱ በ23ኛው ላይ አመስግኖ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀ፤ ከ24 እስከ 26 ስለ ባትሪና ስለ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕ ሆነ።

27ኛው ነገሩን ወደ ወጥ ቤት ወሰደው። አንዲት አባል ይህ ሁሉ አረም ይበላል ወይ? ለጾምስ ይሆናል? ብላ ጠየቀች። የጅዳዋ በኦኪናዋና በፊሊፒንስ ሌንቲሊፌራ የሚባለው ካውለርፓ ጥሬውን እንደሚበላ፣ ግራሲላሪያ የተባለው ቀይ አልጌ ደግሞ ምግብ የሚያረጋው የአጋር ምንጭ እንደሆነ ገለጸች፤ መድኃኒት ከገባበት ገንዳ ግን ማንም እንዳይቀምስ አሳሰበች። እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። 29ኛው፣ አልጌ ይቅርና ዓሣም ለጾም ይፈቀዳል አለ። ከዚያማ ምኑ ይነገራል! 30ኛው ሲኖዶስ ጠራ፤ 31ኛው አያቱን ምስክር አደረገ፤ 32ኛው የ31ኛውን አያት ነካ። አስተናባሪው በ33ኛው ላይ ሁለት ምላሾች አንሥቶ፣ መድረኩ ስለ ገንዳ እንጂ ስለ ገበታ እንዳልሆነ በትሕትና አስታወቀ።

ወደ ቁም ነገሩ የመለሰችው የስቶክሆልሟ ናት፤ 34ኛው ላይ ካውለርፓ የሌለበት የጌጥ ገንዳ እንዴት እንደሚተከል በሰፊው ጻፈች። ከኋላ፣ የውሃው ግፊት በሚበረታበት፣ ግራሲላሪያን በቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር ከሻካራ ድንጋይ ጋር ማሰር፤ ክሩ እንዲይዝ እንጂ እንዳያንቅ። ግፊት ከሌለ ቆሻሻ ይቀመጥበትና ከውስጥ ይበሰብሳል። ከፊት ለፊቱ ሃሊሜኒያ፤ ሰፊው ቀይ ቅጠሉ ወደ ገረጣ ብርቱካን ሲሄድ ናይትሮጅን አነሰኝ ማለቱ ነው። በአሸዋው ላይ ሃሊሜዳ፤ አካሉን በካልሲየም ስለሚገነባ ካልሲየም ከ400 በታች መውረድ የለበትም። ሃሊሜዳ አዲሱን ክፍል የሚያበቅለው ሌሊት ነው፤ መብራት ሳይበራ በእጅ ባትሪ ያየው ሰው ጫፉ ላይ ነጭ ሆኖ ያገኘዋል፤ ሲነጋ አረንጓዴው ከታች ወጥቶ ይሞላዋል። ነጭ ባየ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው ይህን ይለይ አለች። ኬቶሞርፋን፣ ያንን የድስት መፈተጊያ ሽቦ የመሰለውን፣ ከጌጡ ገንዳ አውጥታ በታችኛው የማጣሪያ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው፤ እንደ ካውለርፓ ድንገት አይለቅም።

35ኛው የሳንዲዬጎዋ አቤቱታ ነው፦ አረፋ አልጌውን ቫሎኒያን ያጠፋልኛል ብላ ያስገባችው አረንጓዴ ሸርጣን ቫሎኒያውን ቀምሶ ተወውና ውዱን ቦትሪዮክላዲያ፣ የቀይ ወይን ዘለላውን፣ ፍሬ በፍሬ ለቅሞ ጨረሰው። 36ኛው የባሕር ጃርትም እንዲሁ እንደሆነ፣ ታንግ የተባለው የዓሣ ወገንም ሰላጣ እንደቀረበለት እንደሚቆጥረው ጨመረ።

ባለ ጥያቄው 37ኛው ላይ ተመለሰ። ዓሦቹ ተርፈዋል። የፎስፌት መጣጩን አንሥቷል፤ ምግቡን ጨምሯል፤ ናይትሬቱ 4 ደርሷል። ለማደግ የሞከረውን የካውለርፓ ቁራጭ በረዶ አድርጎ ጥሏል። ግራሲላሪያና ኬቶሞርፋ አዝዟል። የቀረው አንድ ጥያቄ የማጣሪያ ሣጥኑ መብራት መቼ ይብራ የሚል ነው። የዱባዩ ሰው በ38ኛው ላይ፣ የላይኛው ሲጠፋ የታችኛው ይብራ አለ፤ ሌሊት በገንዳው የሚከማቸውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኬቶሞርፋው ስለሚወስደው የውሃው ፒኤች አይወርድም፤ ማለትም ውሃው ወደ አሲድነት አያዘነብልም።

39ኛው የቤርሼባው ሰው ነው። ኬቶሞርፋ ከሆነ እንግዲህ ሃያ አራት ሰዓት ቢበራስ ምን አለበት ይላል። 40ኛው ላይ የዱባዩ ሰው መልስ መጻፍ ጀምሯል።